ማታ ማታ የምነቅለው ገመድ

ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
የካ ሚካኤል

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ሕሩይ ነው። ይህን አስቀድሜ ካልጻፍኩ ሌላው አይወጣልኝም።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪኝ። እንደምን ከርመሻል? የአሰላ ብርድ ጉልበትሽን እንዴት አድርጎታል? የባለቤትሽ ሳል ለቀቀው ወይስ አሁንም ቤቱን ያነቃንቃል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ እንደ ወትሮው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ዘንድሮ የምሬን ነው።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ «እትዬ፣ የምትጽፊልኝ ሁሉ ወቀሳ ነው፤ እስቲ አንድ ጊዜ ደስ ያለሽን ነገር ጻፊልኝ» ብለሽኛል። ሦስቴ አነበብኩት፣ ሦስቴም ተናደድኩ። አራተኛ ሳነበው እውነትሽን መሰለኝ። ስለዚህ የዛሬው የደስታ ደብዳቤ ነው። ወቀሳውን ግን ጨርሶ ልተወው አልችልም፤ ከተውኩት እኔ መሆኔን አታምኚም። አባታችን «አንዷ ትማር፣ አንዷ ትሥራ» ሲል ጣቱ ወዳንቺ ዞረ። አንቺ ደብተር ይዘሽ ወደ ትምህርት ቤት ስትወርጂ እኔ ከእንጦጦ የባህር ዛፍ ጭራሮ ተሸክሜ ከኋላሽ እወርድ ነበር። መንገዱ አንድ ነበር። ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ከአንቺ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

ስልክ እያለ ለምን ትጽፊያለሽ ብለሽም ጠይቀሻል። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ገና አልጠገብኩትም።

ወደ ሕሩይ ልመለስ። አንቺ አታውቂውም። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የሚኖር፣ ሠላሳ ዓመት የስልክ መሥመር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች አሥር ዓመት አልፏታል። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲሄድ በከዘራው መሬቱን መታ መታ ያደርጋል። በፊቱ አንቱ እለዋለሁ፤ ላንቺ ስጽፍ ግን አንቱታውን አላባክንም።

የዛሬ ስምንት ዓመት የሆነውን ላንቺም ነግሬሽ አላውቅም። ለጥምቀት የሚወጣ የማኅበር ሰንደቅ እንድጠልፍ ታዝዤ ነበር። የሚጠለፈውን ጽሑፍ በወረቀት ሰጡኝ። ቀለሙ ሰርጎ በወረቀቱ ጀርባም እንደ ፊቱ ጎልቶ ይታይ ነበር። ያኔ ለእኔ ፊደል ማለት የሐረግ ጌጥ ነው፤ ፊቱንና ጀርባውን የምለይበት ነገር አልነበረኝም። በጀርባው በኩል ያለውን አይቼ በጠመኔ ገለበጥኩት፣ ጠለፍኩት፣ አስረከብኩ። ስፌቱ እንከን አልነበረውም። የተቀበለችኝ ሴትም እንደ እኔ ማንበብ አትችልም ነበር። ሰንደቁ በበዓሉ ዕለት ተዘርግቶ ሲወጣ አንድ ረጅም ሰው ከሕዝቡ መሐል «ይህን ለማንበብ መስታወት ያስፈልጋል» አለ። በዙሪያው የነበረ ሁሉ ሳቀ። የተናገረው ሕሩይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሠፈሩ ስሜ «ባለመስታወቷ» ሆነ።

በማግስቱ በበሬ ሥር የታጠፈ ወረቀት ገብቶ አገኘሁ። ማን እንዳስገባው ዘሙሩድ አይታለች። ዘሙሩድን ታስታውሻለሽ፣ ጎረቤቴን፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኔ ጋር ተቀምጣ የጥልፉን የክር ጫፍ የምትቆርጠው እሷ ናት። «ሕሩይ ነው ያስገባው፤ ለልጄ ልስጠውና ያንብብልሽ» አለችኝ። እምቢ አልኩ። የራሴን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቀድሞኝ እንዲያውቀው አልፈለግሁም። ያንቺን ደብዳቤዎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው አፍ ስሰማ ኖሬአለሁ፣ ይበቃኛል። በቀበሌው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ይሰጥ ስለነበር ሄጄ ተመዘገብኩ። ለምን እንደመጣን ስንጠየቅ ሌሎቹ መዝሙረ ዳዊት ለማንበብ እንደመጡ ተናገሩ። እኔ ደብተሬን ገለጥኩ።

ስምንት ወር ፈጀብኝ። በራሴ ዓይን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ያ ወረቀት ነው። «ወይዘሮ ብዙነሽ፣ በአፌ ምክንያት ሰው ሳቀብዎት። ስፌትዎ እንከን የለውም። የሳቅሁት በጽሑፉ እንጂ በእርስዎ አልነበረም፤ ይህም ቢሆን ጥፋት ነው። ከፈቀዱልኝ መጥቼ ፊደል አስቆጥርዎታለሁ» ይላል። አየሽ ነገሩን? የሚያስቆጥረኝ ሰው ስፈልግ ማንበብ አልቻልኩም፤ ማንበብ ስችል ደግሞ አስቆጣሪ አላስፈለገኝም። መልስ አልሰጠሁትም። በመንገድ ሳገኘው ወደ ማዶ እሻገር ነበር። ወረቀቱን ግን አልጣልኩትም።

አሁን ወደ ዘንድሮው። ባለፈው ጥቅምት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አሮጌው ኮምፒውተሬ ተቃጠለ። የእኛ ሠፈር መብራት ሲመለስ ተቆጥቶ ነው የሚመለሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ስጨርስ በቤቱ ያለውን ገመድ ሁሉ ነቅዬ፣ ጠቅልዬ፣ በጨርቅ ሸፍኜ ነው የምተኛው። ይህን ያዢልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ያለ ኮምፒውተር ደግሞ ሥራ የለኝም። የጥልፍ ማሽኔ ንድፉን ከኮምፒውተር ይቀበላል። ጨርቁን በቅርጽ የሚቆርጠው መቁረጫም እንዲሁ። ይህ በሆነ በሳምንቱ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ መጡ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው፣ የዛሬ ስምንት ዓመትም ሰብሳቢ ነበሩ። ለዘማሪዎች ሃያ አራት ካባ፣ ከታቦቱ ፊት የሚያዝ አንድ ትልቅ የቀይ ከፈይ ሰንደቅ አዘዙኝ። በስምንት ዓመት ውስጥ ጽሑፍ ያለበት ነገር ማንም አዝዞኝ አያውቅም፤ አበባና መስቀል ብቻ ነበር የሚሰጠኝ። «እስከ ዛሬ ስትጠልፍልን የነበረችው ሐመልማል አልፋለች፣ የኮተቤው ሰውዬም ሥራው አልጣመኝም፤ አንቺን ልሞክር ብዬ ነው። ለጥር አሥር ካላደረስሽ ግን ለእሱው እሰጠዋለሁ» አሉኝ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው «ጽሑፉን ደግሞ አደራ» አሉ። ሌላው ሁሉ ቢጠፋኝ ያቺ «አደራ» አልጠፋችኝም። ይህ ሰንደቅ ተቃንቶ ካልወጣ ባለመስታወቷ ተብዬ እቀበራለሁ ማለት ነው።

መገናኛ ወዳለው የአብራር ሱቅ ሄድኩ። አብራር ኮምፒውተር የሚሸጥ ጨዋ ልጅ ነው፤ ልጅ የምለው ለእኔ ነው እንጂ የሦስት ልጆች አባት ነው። አንድ አዲስ ኮምፒውተር አወጣልኝና «እማማ፣ ይህ ሊኑክስ በሚባል ፕሮግራም የሚሠራ ነው። ቫይረስ አያውቀውም፣ በየጊዜው ክፈሉኝም አይልም። አንድ ችግር ብቻ አለው፣ ለአሮጌ ማሽኖችዎ የሚሆን ሶኬት የለውም» አለኝ። እውነትም የእኔ ማሽኖች ገመድ ጫፉ ሰፊ፣ ዘጠኝ ጥርስ ያለው ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ያለው ጠፍጣፋ የዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ ነው። መሐል የሚገባ ኮንቨርተር ሰጠኝ። «የሚገጥምልኝስ?» ብዬ ብጠይቀው «በእናንተ ሠፈር ሊኑክስ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው፤ አቶ ሕሩይ» አለኝ። ሌላ ሰው የለም ወይ አልኩት። «አለ፤ ግን እማማ፣ ሌላው ሰው ይህን አሮጌ ማሽን ይጣሉት ነው የሚልዎት» አለኝ። 

ሁለት ቀን አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን ዘሙሩድን ላክኋት። እኔ አልሄድኩም፣ ይህን ልብ በይልኝ።

ኅዳር 3 ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የከዘራው ድምፅ ዳገቱን ሲወጣ ሰማሁ። ገባ፣ ሰላም አለኝ፣ ስለ ምንም ነገር አላነሳም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ኮንቨርተሩን ሰካነው። ኮምፒውተሩ አየውና ወዲያው ጣለው። ነቅለን ሰካን፣ እንደገና አይቶ ጣለው። ሕሩይ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንድ ነገር ጻፈ፣ ኮምፒውተሩም ረጅም መልስ ጻፈለት። ጊዜ ወስዶ አነበበና ፈገግ አለ። ለካ በውስጡ ለዓይነ ስውራን የተሠራ ፕሮግራም አለ፤ በጣት የሚነበበው ሰሌዳቸው ሲሰካ ተቀብሎ ያገለግላቸዋል። የእኛን ኮንቨርተር ሲያይ ያ ሰሌዳ መስሎት ይወስደዋል። «በዚህ ቤት ማንበብ የማይችል ሰው አለ ብሎ ነው የሚያስበው» አለኝ። «ዘግይቷል፤ የዛሬ ስምንት ዓመት ቢመጣ ልክ ነበር» አልኩት።

ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ዘሙሩድ መቀሷን አቆመች። ሕሩይ ፕሮግራሙ ገመዳችንን እንዳይነካ አዘዘውና «እሱ እንኳ ለመርዳት ነበር የመጣው» አለ። ሄዶም ሲያበቃ ያቺን ነገሩን ሳስባት ዋልኩ።

በማግስቱ ገመዱ ታየ፣ ግን ንድፍ ልልክ ስል «አልተፈቀደልዎትም» አለኝ። ተናደድኩ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ኮምፒውተሬ። ሕሩይ ሲያስረዳኝ «እንደ ማኅበር ያስቡት። በዚህ በር የሚገቡት በመዝገቡ ስማቸው ያለ ብቻ ናቸው፤ እርስዎ ደግሞ ገና አልተመዘገቡም» አለ። መዘገበኝ። አሁንም እምቢ አለ። ደግሞ መዘገበኝ። እስከ ቀትር ድረስ ለምን እንደማይቀበለኝ ስንፈልግ ዋልን። በመጨረሻ ሕሩይ ግንባሩን መታ። ለካ ከተመዘገቡ በኋላ ወጥቶ እንደገና መግባት ያስፈልጋል፤ ተቀምጠሽ እያለሽ አባልነትሽ አይታወቅም። ኮምፒውተሩን አጥፍተን ስናበራው ያለ አንዳች ቃል ተቀበለኝ። ዘሙሩድ «ከማኅበሩ ሰዎች ይሻላል፤ እነሱ ስምንት ዓመት ፈጀባቸው» አለች። ሦስታችንም ሳቅን። ከሕሩይ ጋር የሳቅሁበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው። ቀኑን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ስለ ደብተሬ ሳልነግርሽ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ሁሉን ነገር ይጽፋል። የክር ቁጥር፣ የመብራት መጥፊያ ሰዓት፣ ማን መጣ፣ ምን አለ። ኮንቨርተሩ ንድፉን መሐል ላይ ሲያቋርጥብንም ጻፍኩት፤ ማሽኑ «ቆይ፣ ልድረስብህ» ሲል ያ ርካሽ ኮንቨርተር ቃሉን ለኮምፒውተሩ አያደርስለትም ነበር። አብራር ተቀብሎን በተሻለ ለወጠልን። ለመቁረጫውም ስለሚያስፈልግ ሁለት ሰጠን፣ መልካቸው አንድ ዓይነት፣ መንታ። አንዱን በጥልፍ ማሽኑ ገመድ ላይ፣ አንዱን በመቁረጫው ገመድ ላይ አጥብቀን አሠርን። ያን ቀን ሁለት ካባ ጠለፍኩ። ማታ እንደ ልማዴ ሁሉንም ነቅዬ ተኛሁ።

ጠዋት ሰካኋቸው፣ የካባውን ንድፍ ላክሁ። የጥልፍ ማሽኑ ዝም አለ። ከኋላዬ መቁረጫው ተነሳና ወዲያ ወዲህ እየተወራጨ አንድ ክንድ ሙሉ ከፈይ ዘነጣጠለብኝ። ለጥልፉ የላክሁትን እሱ ተቀብሎታል። የማያውቀውን ቋንቋ ሰምቶ ነው የተንቀጠቀጠው። ሕሩይን አስጠራሁት። መጣ፣ ነቀለ፣ ሰካ፣ ሠራ። እሱ የነካው ቀን ሁሉ ይሠራል። ማታ እነቅላለሁ፤ ጠዋት አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ይገለባበጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሕሩይ በየጠዋቱ መምጣት ጀመረ። ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዛሬስ ማን ቀደመ?» ብሎ ነበር፤ ሰው የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። ከዚያ ተቀምጦ ካባው እስኪያልቅ ይጠብቃል። እንጦጦ ላይ የስልክ እንጨት ላይ ወጥቶ ጅብ ከሥሩ ተኝቶ ያሳደረውን ታሪክ አራት ጊዜ ነግሮናል። በአራተኛው ጅቦቹ ሦስት ሆነዋል። ዘሙሩድ «አቶ ሕሩይ፣ ለፋሲካ ስንት ሊደርሱ ነው?» አለችው። 

እኔንም አልማረችኝም። አንድ ጠዋት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ይህ ኮምፒውተር በታመመ ቁጥር አንቺ አዲስ ነጠላ ትለብሻለሽ፤ ለእሱ ነው ወይስ ለሐኪሙ?» አለችኝ። ክርሽን ቁረጪ አልኳት።

አሁን ጠንቀቅ ብለሽ አንብቢኝ። ኅዳር 27 ቀን ደብተሬን ወደ ኋላ እየገለጥኩ ሳለሁ አንድ ነገር አየሁ። በየቀኑ የትኛውን ገመድ ቀድሜ እንደሰካሁ ጽፌአለሁ፤ ከጎኑም «ሠራ» ወይም «አልሠራም»። የጥልፉን ቀድሜ የሰካሁበት ቀን ሁሉ ሠርቷል። የመቁረጫውን ያስቀደምኩበት ቀን ሁሉ ተገለባብጧል። ኮምፒውተሩ መንታዎቹን በመልክ አይለያቸውም፤ ቀድሞ የገባውን ዜሮ፣ ቀጥሎ የገባውን አንድ ብሎ ይጠራቸዋል። የጥልፉ ፕሮግራም የሚልከው ለዜሮ ነው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ማታ ማታ መንቀሌ ነው ስማቸውን ሲያማታ የከረመው። ይህን የተማረ ሰው አልነገረኝም፤ በራሴ እጅ ከጻፍኩት አነበብኩት። እህቴ፣ ያን ቀን ደብተሩን ደረቴ ላይ አድርጌ ግቢ ውስጥ ብቻዬን ተመላለስኩ።

ሕሩይ በማግስቱ እንደ ወትሮው መጣ። ልነግረው ነበር። ስለ ጅቦቹ ጀመረና ሳልነግረው ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የደብተሬ ገጽ ላይ ሃያ ስድስት የሥራ ቀን በተከታታይ የመቁረጫው ገመድ ቀድሟል። እንዲህ ዓይነት አጋጣሚ አለ፤ አንቺ ሒሳብ አስተማሪ ስለነበርሽ ታውቂዋለሽ።

በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ ካባ ሳጥፍ ዞር ብል ሕሩይ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተር ገልጦ ያነባል። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ እንደገና አደረገ፣ አንዱን ገጽ ብዙ ቆየበት። ከዚያ በቀስታ ዘጋው። «የእጅ ጽሑፍዎ አምሯል፤ ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል» አለኝ። በማግስቱም በሁለት ሰዓት ከዘራው ተሰማ።

ሃያ አራቱ ካባዎች እንዲህ አለቁ። ሰንደቁ ቀረ። ሰንደቁን ለመጨረሻ ያቆየሁት ፈርቼ ነው። ጥር 8 ልጀምረው ተዘጋጀሁ፤ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ከዚያ ወዲያ ቀን የለም። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ከዘራ የለም። ሦስት ሰዓት ሆነ። ዘሙሩድ ወርዳ ጠይቃ ተመለሰች፤ ጉልበቱ አብጦ ከአልጋ መውረድ አቅቶታል። «ምን ይሻልሻል?» አለችኝ። ገመዶቹን አነሳሁ። የጥልፉን ቀድሜ ሰካሁ፣ ቀጥሎ የመቁረጫውን። ጽሑፉን በገዛ ጣቴ ፊደል በፊደል ኮምፒውተሩ ላይ መታሁት፤ መጀመሪያ ብጫቂ ጨርቅ ላይ ጠልፌ አነበብኩት፣ ዘሙሩድም ከወረቀቱ ጋር እንድታስተያየው አደረግሁ፣ ከዚያ በከፈዩ ላይ አስጀመርኩት። ማሽኑ ያለ አንዳች ማንገራገር መሄድ ጀመረ። ሁሉ ነገር አንድ ብርጭቆ ሻይ ከመጠጣት የበለጠ ጊዜ አልፈጀም።

ዘሙሩድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ ታየኛለች። «ታውቂው ነበር» አለችኝ። ክርሽን ቁረጪ አልኳት። «አንቺ ሴትዮ፣ ያ ሽማግሌ ሰውዬ በዚህ ዳገት፣ በዚያ ጉልበቱ...» ብላ ሳትጨርስ ሳቋ አሸነፋት። እኔ አልሳቅሁም። እውነቷን ነበር። በየቀኑ ያወጣሁት ዳገት ነው ያሳበጠው ብዬ ሁለት ቀን ማሽኑ አጠገብ ተቀምጬ ራሴን ስረግም ነበር።

ሰንደቁ ጥር 9 ከቀትር በኋላ አለቀ። ለወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከመውሰዴ በፊት ወደ ሕሩይ ቤት ወረድኩ። እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቀኝም። ጨርቁን ፊቱ ዘረጋሁለትና «ያንብቡት» አልኩት። መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዱን ቃል ድምፁን አውጥቶ አነበበ። ሲጨርስ ገልብጦ ጀርባውንም አየ፣ ክሩ ንጹሕ መሆኑን በጣቱ ዳሰሰ። «መስታወት አያስፈልገውም» አለ።

«ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ» አልኩት። የትኛውን አለኝ። በበሩ ሥር የገባውን። መቼ አነበቡት አለኝ። ሰባት ዓመት ሆነው አልኩት። ጣሪያውን አየና «እና መልሱ?» አለ። መልሱ ይቆይ አልኩት። ከዚያ «ዛሬ ገመዱን ማን ሰካው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩ። «በስንተኛው ሙከራ?» አለ። ጨርቁን ማጠፍ ነበረብኝ፣ ስለዚህ እሱን ማጠፍ ያዝኩ።

ጥር 12ን ምን ብዬ ልጻፍልሽ። ሰንደቁ ታቦቱ ፊት ተዘርግቶ ወጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ከእንጦጦ በኩል ነፋስ ይመጣል፣ ከፈዩ ይነሳል ይወድቃል። እኔ እንደዚያን ጊዜው ግድግዳ ሥር ቆሜ ሕዝቡ የሚለውን ጆሮዬን ጥዬ እሰማለሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና እየጮኸች አነበበችው፣ ከፊደሎቹ አንዱ እንኳ አላደናቀፋትም። ከጎኗ ያሉት ተቀብለው አነበቡት። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በሕዝቡ መሐል ፈልገው አገኙኝና ግንባሬን ሳሙኝ። «ብዙነሽ» አሉኝ። ስሜን ብቻ። እልል ሲባል እኔም እልል አልኩ፤ ስንት ዓመቴ ነው እልል ካልኩ? ሕሩይ በሁለት ከዘራ ቆሞ ያየኝ ነበር።

አብራርም ወንድሞቹን ይዞ መንገድ ዳር ለሚያልፈው ሕዝብ ውሃ ሲያድል አገኘሁት። «እማማ፣ እንኳን አደረስዎት። ያቺ መሥመር ሠራችልዎት?» አለኝ። የቷ መሥመር አልኩት። «ለአቶ ሕሩይ የጻፍኩላቸው ናት። ኅዳር 20 መጥተው መንታዎቹ ይገለባበጡብናል ሲሉኝ መፍትሔውን በወረቀት ሰጠኋቸው። ግራውን ቀዳዳ በስሙ፣ ቀኙን በስሙ መሰየም ነው፤ ከዚያ የፈለገው ቢቀድም ለውጥ የለውም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ። ውሃውን ጠጣሁ። ኅዳር 20 ማለት ከእኔ በአንድ ሳምንት ይቀድማል።

በማግስቱ ሕሩይ በጎረቤት መኪና ዳገቱን ወጥቶ መጣ። ገመዱ ሁሉ ልክ ተሰክቶ፣ ማሽኑ እየሠራ አገኘው። «ደህና ነው እንዴ?» አለ። «ወረቀቱን ያሳዩኝ» አልኩት። ከኮቱ የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከመያዙ ብዛት በመታጠፊያው በኩል ሊቀደድ ደርሷል። «ለምን አልሠሩትም?» አልኩት። ቸኩዬ አላውቅም አለኝ። ከዚያ ደብተሬን በአገጩ አሳየኝና «ኅዳር 27 የሚለውን ገጽ እኔም አይቼዋለሁ» አለ። ዘሙሩድ መቀሷ ከእጇ ወደቀ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ «አላህ ያሳያችሁ፣ ሁለት ጡረተኛ በአንድ ገመድ ሲጫወቱ ከረሙ» አለች። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። ሕሩይ እንደ ልማዱ ረጋ ብሎ ተቀምጦ መሥመሩን ጻፈው። ግራው ቀዳዳ «ጥልፍ» ተባለ፣ ቀኙ «መቁረጫ»። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ከዚያ ተነስቶ አልሄደም።

ለዚህ ነው ተጠያቂው እሱ ነው ያልኩሽ። በአደባባይ አሳቀብኝ፣ ፊደል አስቆጠረኝ፣ ኮምፒውተሬን ሰባት ሳምንት ሙሉ ሆን ብሎ ሳይፈውስ ተወው። እኔ ስለ ራሴ ያለኝን ድርሻ በደብተሬ ጽፌዋለሁ፣ ስትመጪ ታነቢዋለሽ።

ስትመጪ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነይልኝ። ባለቤትሽንም ይዘሽው ነይ፣ ሳሉ ከሕሩይ ጅቦች አይብስም። ነጩን ቀሚስሽን እንዳትረሺ፤ አንገቱ ላይ ጥልፍ እጨምርልሻለሁ፣ ክሩን መርጫለሁ። ለምን እንደሆነ አልጽፍልሽም፤ የተማርሽ ሴት ነሽ። ለዚያ ደብዳቤ መልስ ሰጥቼዋለሁ፤ በጽሑፍ፣ በአንድ መሥመር። እሱም በውስጥ ኪሱ አጥፎ ይዞታል። በሬ አጠገብ ለከዘራው የሚሆን ሚስማር መትቻለሁ።

የጭራሮውንም ነገር አስቤበታለሁ። አንቺ ያኔ ደብተርሽን ይዘሽ ስትወርጂ ዞር እያልሽ ታዪኝ ነበር። ይህን ረስቼው ኖሬአለሁ፤ ሰሞኑን ትዝ አለኝ። አንቺም እንደከበደሽ አሁን ነው የገባኝ።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። ቤትሽን በረከት አይለየው። ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። የምታነቢበትን ዓይን፣ እኔም የምጽፍበትን እጅ እስከ መጨረሻው አይንሳን።

ከጭራሮው መንገዳችን ሳትለይ የኖረችው ታላቅ እህትሽ

ካሸግኩት በኋላ ከፍቼ የጨመርኩት፦ ትናንት መገናኛ ወርደን መብራት ሲቆጣ የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር ገዝተናል። ከእንግዲህ ማታ ማታ ገመድ አልነቅልም።